ሲስተር አስካለ ያስታመሙት ኮምፒዩተር

ከቅዳሴ ስመለስ ቀና ብዬ የማየው አንድ መስኮት ነበረኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የእኛ ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ። በሐምሌ ዝናብም ሆነ በኅዳር ውርጭ ያ መስኮት ተዘግቶ አያውቅም። መጋረጃው ወደ ውጭ ወጥቶ ሲውለበለብ ሳይ «ሲስተር ተነሥተዋል» እላለሁ፤ ልቤም ቦታው ይመለሳል። ባለፈው እሑድ ግን ቀና ስል ተዘግቷል።

ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቆሜ ቀረሁ። የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ ደበበ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ተነሡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

«ሰማሽ እንዴ?» አሉኝ።

«መስኮቱን አየሁት» አልኳቸው።

ሲስተር አስካለ ጎህ ሲቀድ በእንቅልፋቸው አርፈዋል። አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ምሕረት ለጸሎት ልትቀሰቅሳቸው ስትገባ፣ ዳዊታቸው ደረታቸው ላይ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ነው ያገኘቻቸው። አልጋ ላይ መቅረትን፣ ሰው የሚያገላብጣቸው መሆንን አጥብቀው ይፈሩ ነበር። «ሌላ ምንም አልለምነውም፤ ብቻ ሰው ሳላስቸግር ይውሰደኝ» ይሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያገላብጡ የኖሩ ናቸውና ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። አለቀስኩ፤ ግን ልቅሶዬ ውስጥ የቀለለ ነገር ነበረበት። የለመኑትን አግኝተው ነው የሄዱት።

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሚባል የለኝም፤ ስቱዲዮ በሚሏት በአንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከሲስተር ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ። እርሳቸው ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። «ጎሬ» ነበር የሚሉኝ፣ አገሬን አንስተው። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር። በኋላ ግን በዚህ ከተማ ውስጥ በየቀኑ የአገሬን ስም የሚጠራልኝ ሰው ማግኘቴን ሳስበው ደስ ይለኝ ጀመር።

ሲስተር የሕፃናት ክፍል ነርስ ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። አጭር ናቸው፤ ሲራመዱ እንደተጠራ ሰው ይቸኩላሉ። ሰዓታቸውን የሚያስሩት ፊቱን ወደ መዳፋቸው አዙረው ነው፤ የታማሚ የልብ ምት ሲቆጥሩ የለመዱት ነው መሰለኝ። ሰው ቤት ሲገቡ ወግ አያውቁም ተብለው ይታማሉ። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ቀጥለው መስኮት ይከፍታሉ፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። በግቢያችን ከኋላቸው «ወይዘሮ መስኮት» የሚሏቸው ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በመጀመሪያው ሰሞን እሸሻቸው ነበር። ያደግኩት «ብርድ ይመታሻል፣ ንፋስ ይመታሻል» እየተባልኩ ነው። በር ስከፍት እንኳ አንገቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው። እንዲህ ያለች ሴትና መስኮት ከፋች ሴት ምን ያገናኛቸዋል?

ያገናኘን ኮምፒዩተሬ ነው።

ኮምፒዩተሩን አባቴ ነው የገዛልኝ፣ ኮሌጅ ስገባ፣ የዓመቱን ቡና ሸጦ። ያኔ አዲስ ነበር። ዛሬ ልጆች ሲያዩት ይስቃሉ፤ ሰው ሁሉ ሲፒዩ የሚለው ትልቅ ጥቁር ሳጥን ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ነው። አባቴ በደወለ ቁጥር ጤናዬን ይጠይቃል፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሜን ይጠይቃል፣ ከዚያ «ያቺ ኮምፒዩተር አለች?» ይላል። «አለች አባዬ» እለዋለሁ። እናቴ ደግሞ ዳንቴል ሠራችላት። ለስክሪኑ አንድ፣ ለኪቦርዱ አንድ፣ ለሳጥኑ አንድ፤ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ። እኔ ዕቃ በመያዝ አልታማም። ሳጥኑን መጀመሪያ በላስቲክ፣ በላዩ በዳንቴሉ ሸፍኜ፣ የቡፌው ታችኛው ክፍል ውስጥ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነበር የማሠራው። ገመዶቹ ከኋላ በቀደድኩት ቀዳዳ ይወጣሉ። አንድ ብናኝ አይነካውም ብዬ አምን ነበር።

እንጀራዬ ትርጉም ነው፤ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ። የምሠራበት ቢሮ ኪራይ ከብዶት ፎቁን ለቀቀና ሁላችንም ከየቤታችን፣ በየኮምፒዩተራችን እንድንሠራ ተባለ። ጠዋት ሁላችንም በኢንተርኔት በአንድ ጊዜ እንገባለን፣ ሥራው እየተቆራረሰ ይመጣል፣ ቀድሞ የተዘጋጀ ያነሣል። የእኔ ኮምፒዩተር እስኪነሣ ሌሎቹ ግማሹን ጨርሰውታል። ሲነሣም ትንሽ ሠርቶ ይደክማል። አለቃችን ወይዘሮ ሰናይት ደግ ሴት ናት፤ ብዙ ታገሠችኝ። በመጨረሻ ግን ደወለችልኝ።

«እህቴ፣ እኔም ተጠያቂ ነኝ» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት ከሰው እኩል ገብተሽ መሥራት ካልቻልሽ ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። አዲስ ግዢና ነገሩ ይለቅ።»

አዲስ መግዛት የምችል ብሆን መች ይህን ያህል እንገላታ ነበር። ያ ሥራ ከሄደ የቤት ኪራዬ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ የእናቴ የስኳር መድኃኒት በየወሩ የሚላከው ከዚያ ነው፤ ጎሬ ላይ አንዳንዴ ስለማይገኝ እኔ ነኝ ከዚህ የምልከው። ባለሙያ አስጠራሁ። ወጣቱ ቁጭ ብሎ አበራው፣ ጠበቀ፣ ስልኩን ነካካ፣ እንደገና ጠበቀ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው» አለኝ። «ወይ ሁሉንም አጥፍተን ፎርማት እናድርገው፤ ያም ሆኖ ዋስትና የለኝም። ወይ ተገላገይውና አዲስ ይገዛ።»

አባታችን ሆይ ደግሜ ተኛሁ። በማግሥቱ ዓርብ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ አሮጌ ዕቃ የሚቀበል ሱቅ አለ ሲሉ ሰምቼ፣ ሳጥኑን ይዤ ልሄድ ተነሣሁ። ታክሲ ውስጥ እንዳይጋጭ ብዬ ከነዳንቴሉ በጋቢ ጠቀለልኩት። ደረቴ ላይ አቅፌ ደረጃውን ስወርድ፣ ሲስተር አስካለ ከታች ሲወጡ ተገናኘን።

ቆሙ። «ማነው የታመመው?» አሉኝ።

«ማንም አልታመመም፣ ሲስተር።»

«ታዲያ ያቀፍሽው ማንን ነው? ፊቱን ግለጪለት እንጂ። በዚህ ሙቀት እንዲህ ጠቅልለሽ ልታፍኚው ነው?» መልሴን አልጠበቁም፤ እጃቸው የጋቢውን ጫፍ ገልጦታል። ጥቁር ቆርቆሮ አዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ፤ ዓይኔ ማበጡንም ያዩ ይመስለኛል።

«ስሙ ማነው?» አሉኝ።

ማልቀስ ፈልጌ ሳቅሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሰኞ፣ ስለ እናቴ መድኃኒት፣ ስለ አባቴ ጥያቄ፣ ጣዪው ስለመባሌም።

«ማን ነው ይቆረጥ ያለው?»

«ባለሙያው።»

«ዳስሶታል?»

«አልዳሰሰውም። አበራው፣ ጠበቀ፣ ሰለቸው።»

«ተመለሺ» አሉ። «ሳይዳሰስ የሚቆረጥ እግር የለም።»

ቤቴ ገቡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ መስኮቴን በረገዱት። ከንፈሬን ነክሼ ነጠላዬን ወደ አንገቴ ሳብኩ። እርሳቸው ኮምፒዩተር ማወቃቸው ገርሞኝ ብጠይቃቸው፣ «ዋርዳችን ውስጥ አንድ ያረጀ ነበር» አሉ። «የሚጠግን ሰው ጠርተን እስኪመጣ ድረስ የተኙት ልጆች ያድጉ ነበር። ስለዚህ እኔው አስታመምኩት። ግን ስሚኝ፣ ጎሬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነርስ ነኝ። ሥራዬ ማየት፣ መዳሰስና መጠበቅ ነው።»

ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። መቼ ጀመረው? ጠዋት ይሻለዋል ወይስ ማታ? ድምፅ አለው?

«ጠዋት ከተነሣ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ደህና ነው» አልኩ። «ቆይቶ ነው የሚደክመው። ይጮኻል፣ እንደ ወፍጮ። ከዚያ አንድ ፊደል ስመታ፣ ፊደሉ ብቅ እስኪል ሰላም ለኪን ደግሜ እጨርሳለሁ።»

«አንቺን ለጸሎት ጠቅሞሻል» አሉ ሳይስቁ። «የት ነው የሚተኛው?»

ቡፌውን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ላስቲኩን አዩ፣ በሩን ከፍተው ዘጉት፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን ጀርባውን በጣታቸው ለኩ። እንደ ልማዴ አድርጌ እንዳሠራው አዘዙኝ። አሠራሁት። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መዳፋቸውን ገልብጠው ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ። ወፍጮው ሲጀምር ተነሥተው በሩን ከፈቱና፣ በዳንቴሉ ሥር እጃቸውን አስገብተው በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ ልክ የልጅ ግንባር እንደሚነካው።

«ነይ፣ እጅሽን አምጪ። በመዳፍሽ አይደለም፣ በጀርባው።»

ነካሁትና ፈጥኜ መለስኩ። እንደ ምድጃ ነው።

«ትኩሳት አለው» አሉ ሲስተር። «ሲሞቀው ራሱን ለማዳን ቀስ ይላል። ሰነፍ አይደለም ልጅሽ። ታፍኗል።»

አፈርኩ። እንደዚያ ጠብቄ፣ እንደዚያ ሸፍኜ! ሲስተር ፊቴን ሲያዩ ድምፃቸው ለሰሰ፤ ብዙ ጊዜ የማይሆን ነገር ነው።

«ስንት እናት መሰለችሽ» አሉ፣ «ልጇ በትኩሳት ሲነድ በሁለት ብርድ ልብስና በጋቢ ጠቅልላ የምታመጣልኝ። ብርድ እንዳይመታው ብላ። መጀመሪያ የማደርገው ልብሱን መግለጥ ነበር። ይሰድቡኛል፣ ‹ልጄን ልትገድይ ነው› ይሉኛል፣ አንዷማ እጄን ነክሳኛለች። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ዓይኑን ይገልጣል። ጠልታው የጠቀለለች እናት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ኮምፒዩተሩን አጠፋን፤ ሶኬቱን ነቅለው በእጃቸው ይዘው አሳዩኝ፣ መነቀሉን በዓይኔ እንዳይ። የሳጥኑን ጎን ከፈትን። ውስጡ አቧራው እንደ በግ ጠጉር ተጋግሯል። ይሄን ሁሉ በላስቲክ ሸፍኜ እንዴት ገባ አልኩ። «የሚገባበት አያጣም፤ ያጣው መውጫ ነው» አሉኝና ከቤታቸው ሁለት ነገር አመጡ፤ አንድ ለስላሳ የቀለም ብሩሽና የሕፃን አፍንጫ የሚጠረግበትን ትንሽ የጎማ ፊኛ። ፊኛውን ጫን ለቀቅ እያደረጉ አየር ይነፉበታል፣ እኔ በብሩሹ እቀበላለሁ። ሲበራ የምትዞረውን ማራገቢያ በጣታቸው ያዝ አድርገው አንዱን ክንፍ ከሌላው ለይተው ጠረጉ። ከዚያ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን አቆምነው። ዳንቴሉን አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡ።

«እናቴ የሠራችው ነው» አልኩ።

«አይቼዋለሁ፤ እጇ ጥሩ ነው። አልጣልነውም። ሲተኛ አልብሺው፣ ሲነቃ አውልቂለት። እንደ ሰው።»

አበራነው። ወፍጮው የለም። ፊደል መታሁ፤ ፊደሉ መጣ። ሁሉንም ነገር በዚያው ልንጨርሰው ፈልጌ ምኑን እናጥፋ፣ ምኑን እንቀይር ስል እጃቸውን አነሡ።

«አንድ መድኃኒት፣ ከዚያ መጠበቅ። ሦስቱን አንዴ ከሰጠሽው የትኛው እንዳዳነው፣ የትኛው እንደጎዳው አታውቂም። ዛሬ ትኩሳቱ ወርዷል። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።» ሄዱ። መስኮቱን እንደተከፈተ ትተውልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመጡ አበሩትና ሰዓታቸውን ያዙ። ከተነሣ በኋላ አይደክምም፤ ግን ለመነሣት አሁንም ይንፏቀቃል። ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች አውጥተው አሳዩኝ። እኔ የማላውቃቸው ስሞች ተሰልፈዋል፤ በየጊዜው የመጣ ሁሉ አንዳንድ ትቶልኛል። አንቲቫይረስ ብቻ ሁለት።

«ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ቆመው እርስ በርሳቸው መታወቂያ ይጠያየቃሉ» አሉ። «ባለቤቷ ውጭ ቆማ።» አንዱን አሰናበትን። ሌሎቹን ደግሞ እኔ ካልጠራኋቸው በቀር እንዳይነሡ አደረግን። አንዱን ባጠፋን ቁጥር «ይሄን ታውቂዋለሽ? ትፈልጊዋለሽ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እሺ ሳልል አይነኩም። ስንጨርስ እንደገና አብርተው ጠበቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥለው ሃርድ ዲስኩን አዩት። ሞልቶ ጢም ብሏል። ቢከፍቱት ስብከት ነው። መዝሙር ነው። የገዳማት ታሪክ ነው። በፍላሽ ያገኘሁትን ሁሉ ሳልመርጥ የገለበጥኩት፤ አንዱ ስብከት አራት ቦታ ተቀምጧል። እዚህ ላይ እጄ ተያዘ።

«ሲስተር፣ ስብከት መሰረዝ ኃጢአት አይሆንም?»

ወደ እኔ ዞሩ። እርሳቸውም ዳዊት ሳይደግሙ ቁርስ የማይቀምሱ ሴት ናቸው፤ አልቀለዱብኝም።

«የተሰበከው ለማነው፣ ልጄ? ለአንቺ ነው ለሃርድ ዲስኩ?»

«ለእኔ።»

«ይሄን ሰምተሽዋል?»

ያልሰማሁት ይበዛ ነበር። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ አስቀርተን ድግግሞሹን አጠፋን፤ የቀረውንም ሲስተር ባዋሱኝ የውጭ ዲስክ ላይ አወጣነው። «እየሰማሽ ስትጨርሺ ሌላ ታመጫለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ስብከት ከዚያ በፊት ካጠራቀምኩት የበለጠ ጠቅሞኛል።

አንድ ነገር ቀረ። ሥራዬ ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ ይከፍታል፤ ያኔ ሜሞሪው አይበቃውም። «ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው የጠበበው» አሉና ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ አሮጌ ኮምፒዩተር ፈታትቶ ዕቃውን ወደሚሸጥ፣ ወደሚያውቁት ሱቅ ይዘውኝ ወጡ። ሳጥኑን ያለ ጋቢ፣ ያለ ዳንቴል ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰው ራቁቴን ያየኝ ያህል ነበር። ታክሲው ታፍኗል፤ መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል። ሲስተር እጃቸውን ሰደዱና ስርር አድርገው ከፈቱት።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «እመቤት፣ ይዝጉልን እንጂ፣ ንፋስ!» አሉ።

«ምን ያደርግዎታል፣ አባት?»

«ይመታላ!»

«ንፋስ መትቶት የቀበሩት ሰው ካለ ስሙን ይንገሩኝ፣ እኔም ልቅሶ እደርሳለሁ።»

ታክሲው ሳቀ። ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ፋዘር፣ ይተዉ፤ ለንፋሱ ሒሳብ አንጠይቅም» አለ። ሽማግሌው አጉረመረሙ፤ ግን ሰባተኛ ሰፈር ሳንደርስ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ከመሳቢያ ትንሽ ሜሞሪ አወጣ፤ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ነው። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። «ይሄ የተወሰደበት በምን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

ሻጩ የለመዳቸው ነው መሰለኝ አልደነገጠም። «ከጠረጴዛ ወድቆ ነው ሲስተር። ዋናው ቦርዱ ነው የተሰነጠቀው። ይሄኛው እክል የለበትም።»

«አስገባውና እዚሁ እንየው።»

አስገባው፣ አበራው፤ ሲስተር እጃቸውን ገልብጠው ጠበቁ። እኔ ማሽኑን አላየሁም፤ እርሳቸውን ነው ያየሁት። ቆይቶ ፊታቸው ተፈታ። «ደህና ነው» አሉ። ተመስገን ግን አላሉም። ተመስገን የሚሉት ሁለተኛ ካዩ በኋላ ነው፤ ቀድመው ካመሰገኑ ሥራ ያልጨረሱ ይመስላቸዋል።

እሑድ አልመጡም። ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተን አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁልኝ። ሰኞ ጠዋት ግን ሳልጠራቸው በሬን አንኳኩ። ጸሎቴን አድርሼ፣ ዳንቴሉን አንሥቼ፣ አማትቤ ቁልፉን ተጫንኩ። ሲስተር ከኋላዬ ቆመዋል። ማሽኑ ተነሣ። ሰላም ለኪን ጀምሬ ሳልጨርሰው ተነሣ። ገባሁ። የሌሎቹ ስም ገና አንድ በአንድ እየመጣ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ብቅ ሲል ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሠርቼ ላክሁት፣ ሁለተኛውንም አነሣሁ፣ ማሽኑም እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ዝም ብሎ ይሠራል።

ከወይዘሮ ሰናይት ጽሑፍ መጣልኝ። «ኮምፒዩተር ቀየርሽ እንዴ?»

ሲስተር በትከሻዬ ላይ አነበቡት። «ልብሱን ነው የቀየርኩለት በያት» አሉ። ከዚያ እጃቸውን በጀርባው በኩል ሳጥኑ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና «ተመስገን» አሉ። ሁለተኛ አይተውታል ማለት ነው።

ያን ቃል ስሰማ፣ ከዓርብ ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ጎሬ ተመልሼ ለአባቴ የምለው፣ በአንዴ ለቀቀኝ፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ሲስተር ማልቀሴን ሲያዩ እንደ መቆጣት አሉ። «አሁን ደግሞ አንቺ ምን ሆንሽ?» ብለው ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። «ትኩሳት የለሽም። ሥራሽን ሥሪ።» ወጥተው ሄዱ። ጎሬ ደርሼ ስመለስ የጫካ ማር ባመጣላቸው ተቀበሉኝ፤ ምስጋናዬን ግን አልጨረስኩትም፣ መስኮት ለመክፈት ተነሥተው ነበር።

ከዚያ በኋላ የግቢያችን ሰው ያረጀ ኮምፒዩተሩን ይዞ ደረጃቸውን ይወጣ ጀመር። ሁሉንም አላዳኑም። የአንዲት ጎረቤታችንን አይተው፣ ዳስሰው፣ ጠብቀው፣ «ይሄስ ሞቷል፣ አልዋሽሽም። ፎቶዎችሽን እናውጣና እንቅበረው» ብለዋታል። አፋቸው ሻካራ ነበር፤ በዚህ የተቀየሟቸው አሉ። እኔንም በመስኮቴ ጉዳይ እስከ መጨረሻው አልተዉኝም። ግን የማይድነውን ይድናል ብለው፣ የሚድነውን ሞቷል ብለው አያውቁም። ለእናቴ በስልክ ነገሩን ስነግራት፣ ዳንቴሏ ቅር እንዳይላት ፈርቼ፣ «ሲተኛ ይለብሳል፣ ሲነቃ ይወልቅለታል» አልኳት። «እንደ ሰው ነዋ» አለችኝ። የሲስተርን ቃል ማን እንደነገራት እንጃ። አባቴም ሲደውል አሁንም ይጠይቃል። «አለች» እለዋለሁ።

ያን መስኮቱ የተዘጋበት እሑድ፣ ሲስተርን ቀብረን ስንመለስ ሴቶቹ ቤታቸው ገባን። ፍራሽ ተዘርግቷል፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። ምሕረት ሰው እንዳይበርደው ብላ መስኮቶቹን በሙሉ ዘግታለች፤ ሐዘንተኛ እንግዳ ያስባል። ቤቱ ታፍኗል። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ያርገበግባሉ፣ ምሕረት ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ማንም ግን አልተነቃነቀም። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ያን መስኮት አያለሁ። ነጠላዬ አንገቴ ላይ ነው።

ተነሣሁ። በሰው እግር መካከል እየተሻገርኩ ሄድኩና ከፈትኩት። መጋረጃው ተነፍቶ ወደ ውጭ ወጣ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ፊታቸውን ሲያርገበግቡ የነበሩት እናት፣ «ንፋስ ይመታናል እኮ።»

«እማማ፣ የሲስተር ቤት እኮ ነው» አልኳቸው።

ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ፤ እያለቀሰች ፈገግ አለች። ማን እንደሆነች አላየሁም፣ አንዷ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ከዚያ ሌላዋ። እማማ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላይ አወረዱ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ያኛውንም ክፈቺው።»

ያኛውንም ከፈትኩት።